ከፍል ውሃ በፊት አንድ ጥያቄ

ትምህርቱን ጨርሶ ሥራ የያዘ ወጣት ትዳር በመሠረተ ጊዜ ባለቤቱን ወደ ፍል ውሃ ወስዶ ማሳረፍን እንደ ትልቅ ቁም ነገር ይቈጥረዋል። ገንዘብ የተረፈው ወደ ትልልቅ ሆቴሎች ጎራ ብሎ ጃኩዚ በሚባለው፣ ውሃው እየተፍለቀለቀ በሚሞቅበት ገንዳ ይዝናናል፤ ቀጥሎም ወደ እንፋሎት ቤት ይገባል። ይህ በራሱ የሚነቀፍ ነገር አይደለም። ንጽሕና ጤና ነው፤ ዕረፍትም ለሠራተኛ የሚገባው ነው። ሆኖም ገንዘባችንን ከፍለን ወደ ውስጥ ስናልፍ ብዙ ጊዜ የማንጠየቀው፣ እኛም ራሳችንን የማንጠይቀው አንድ ጥያቄ አለ። ይኸውም «የምትገባው ሴት ምናልባት ፀንሳ ይሆን?» የሚለው ነው።

ይህን ጥያቄ የተማርነው ከዩኒቨርሲቲ አዳራሽ አይደለም። የተማርነው ዲማ ላይ፣ ከአንዲት እናት ነው።

ባለፈው የጥር ወር ለአንድ ዘመዳችን ሠርግ ወደ ዲማ ሄደን ነበር። ዲማ ጊዮርጊስ የቅኔ ተማሪ ከሩቅ አገር እየተሰደደ የሚማርበት ስመ ጥር ደብር ነው፤ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ያነበበ ሁሉም ስሙን ያውቀዋል። ከእኛ ጋር በአንድ ክፍል የተማረና ዛሬ በመንግሥት መሥሪያ ቤት የሚሠራ ወዳጃችንም ካገባት ዓመት ያልሞላትን ባለቤቱን ይዞ መጥቶ ነበር። ወይዘሮዋ የመንገዱ ድካም ይሁን ሌላ እንጃ፣ ወገቧን ያማታል፤ ምግብም አይጥማትም። ማታ ብርዱ ከጮቄ ተራራ በኩል እየወረደ ሲያንቀጠቅጠን ምድጃውን ከበን ስንጫወት ወዳጃችን እንዲህ አለ፤ «አዲስ አበባ ስንመለስ ፍል ውሃ ወስጃት ግማሽ ቀን እዚያ ትውላለች። ገንዳውም እንፋሎቱም ሲነካት ድካሟ ሁሉ ይለቃታል።» እኛም «እውነትህን ነው፤ ከዚያ የሚሻል መድኃኒት የለም» ብለን አሳቡን አጸደቅንለት። ለመምከር የሚቸኵል ብዙ ጊዜ የማያውቅ ሰው ነው።

በዚህ ጊዜ እናቱ የእንግዳ እግር ለማጠብ ከምድጃው ላይ ውሃ አውርደው በገበቴ እያበረዱ ነበር። ክርናቸውን ነከር አደረጉና ቀዝቃዛ ጨመሩ፤ እንደ ገና ነከር አድርገው ጥቂት ቈዩ። ከዚያ ቀና ብለው፣

«ልጄ፣ እዚያ ያለውን ውሃ ማን በክርኑ ይነካዋል?» አሉት።

«እምዬ፣ እዚያማ ከመሬት የሚፈልቅ ነው፤ የሚቈጣጠር ሠራተኛም አለ» አላቸው እየሣቀ።

«ሠራተኛውማ ይኖራል። ይህች ልጅ እህል የጠላችው በምን እንደ ሆነ ሠራተኛው ያውቃል እንዴ? አንተስ ጠይቀሃታል?»

ወይዘሮዋ አንገቷን ደፋች። ወዳጃችን መሣቁን ተወ። እኛም ዝም አልን።

እኒህ እናት ስለ ሕክምና ከትምህርት ቤት ያገኙት ዕውቀት የለም። ነገር ግን ሁለት ነገር ጠየቁ፤ የውሃው ሙቀት ምን ያህል ነው? የምትገባውስ ሴት በምን ሁኔታ ላይ ናት? ከተመለስን በኋላ አፍረን የሐኪሞችን ጥናት ስንመረምር ያገኘነው ነገር ሁሉ ከእነዚህ ከሁለቱ ጥያቄዎች አልወጣም። ይህን ጽሑፍ ለማዘጋጀት የተነሣነውም ስለዚህ ነው።

በመጀመሪያ አንድ ስሕተት እናርም። በሙቅ ውሃ መታጠብ ከባሕር ማዶ የመጣ ልማድ አይደለም። አዲስ አበባ ራሷ የፍል ውሃ ልጅ ናት። እቴጌ ጣይቱ ከእንጦጦ ብርድ ወደ ፍል ውሃው እየወረዱ ሲታጠቡ ሥፍራውን ወደዱትና ቤት ተሠራላቸው፤ በ1879 ዓ.ም. ከተማይቱ ተቈርቍራ ስሟን ያገኘችው በዚህ መነሻ ነው። በደቡብ ጎንደር በደራ ያለው የዋንዛዬ ፍል ውሃ ሕመምተኛ ፈውስ ፍለጋ የሚሰበሰብበት ነው። በአዋሽ ዳር ሶደሬ፣ በሲዳማ በኩል ወንዶ ገነት እንዲሁ የታወቁ ናቸው። ስለዚህ ነገራችን ስለ አሮጌና ስለ አዲስ ልማድ አይደለም፤ ስለ መጠን ነው። ለብ ያለ ውሃ የነፍሰ ጡርን የወገብ ሕመምና የእግር ድካም እንደሚያቀልል ሐኪሞችም አይክዱም። የሚከለክሉት የገላዋን ሙቀት ከልክ በላይ ከፍ የሚያደርገውን ነው።

ምክንያቱን በአጭሩ እንመልከት። የሰው ገላ ሙቀት በጤናው ጊዜ 37 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል ነው። ሙቀት ሲበዛበት ያልበዋል፤ ላቡም ሲተን ሙቀቱን ይዞ ይሄዳል። እስከ አንገቱ በሙቅ ውሃ የተዘፈቀ ሰው ግን ላቡ የሚተንበት አየር አያገኝም። ውሃውም ከገላው ይልቅ የሞቀ እንደ ሆነ ሙቀት መውጣቱ ቀርቶ መግባት ይጀምራል። በእንፋሎት ቤትም አየሩ ውሃ የጠገበ ስለ ሆነ ላብ እንደሚገባ አይተንም። በቁም ሆነው ሻወር ሲወስዱ ግን ገላው አየር ስለሚያገኝ እንዲህ በቀላሉ አይግልም። ፅንሱ ደግሞ የሚያልበው ላብ፣ የሚያገኘው ነፋስ የለውም። ሙቀቱን የሚያስወጣው በአብዛኛው በእናቱ ደም በኩል ነው፤ የእርሱም ሙቀት ከእናቱ በግማሽ ዲግሪ ያህል ከፍ ይላል። ስለዚህ እናቲቱ 39 ዲግሪ በደረሰች ጊዜ ፅንሱ ከዚያ አልፏል። ሐኪሞች ነፍሰ ጡር ሴት ከ39 ዲግሪ በላይ እንዳትግል የሚያስጠነቅቁት በዚህ ምክንያት ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደረስን። የሕፃኑ አንጎልና ኅብለ ሰረሰር በመጀመሪያ እንደ ጠፍጣፋ ቅጠል ሆኖ ይጀመራል፤ ኋላም ሁለቱ ጠርዞች ወደ ላይ ታጥፈው እንደ ቧንቧ ይገጥማሉ። ይህ መግጠም የሚፈጸመው ከፅንሰቱ ቀን ጀምሮ እስከ 28ኛው ቀን ባለው ጊዜ ነው። በዚህ ጊዜ አንድ እንቅፋት ቢደርስ ቧንቧው ሳይዘጋ ይቀራል። በታች በኩል ክፍት የቀረ እንደ ሆነ ሕፃኑ አከርካሪው ተከፍቶ ይወለዳል፤ ብዙውን ጊዜም እግሩ ሽባ ይሆናል። በላይ በኩል ክፍት የቀረ እንደ ሆነ የራስ ቅሉና አንጎሉ ስለማይሟሉ በሕይወት ሊቈይ አይችልም።

ሙቀት ከእንቅፋቶቹ አንዱ መሆኑ አስቀድሞ የታወቀው በእንስሳት ላይ በተደረገ ምርመራ ነበር። በሰው ላይ ከተደረጉት ጥናቶች አንዱ በ1984 ዓ.ም. በአሜሪካ ታትሟል። ከ20,000 በላይ ነፍሰ ጡሮችን የተከታተለው ይህ ጥናት በፅንሱ መጀመሪያ ወራት በሙቅ ገንዳ የተዘፈቁት ሴቶች ላይ ይህ ጉድለት ወደ 3 እጥፍ የተጠጋ ሆኖ አገኘው። በዚያው በአሜሪካ፣ በካሊፎርኒያ፣ በ1996 ዓ.ም. የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ በሙቅ ገንዳ በተጠቀሙት ላይ ውርጃ ወደ 2 እጥፍ ሆኖ መታየቱን ገልጿል። በካናዳ ቀደም ብሎ ነፍሰ ጡር ያልሆኑ ሴቶችን በገንዳ አስገብተው ሙቀታቸውን የለኩ ተመራማሪዎች፣ ነፍሰ ጡር ሴት በ39 ዲግሪ ውሃ ውስጥ ከ15 ደቂቃ፣ ከ40 እስከ 41 ዲግሪ ባለው ደግሞ ከ10 ደቂቃ በላይ እንዳትቈይ መክረዋል። ወዳጃችን ያሰበው ግማሽ ቀን ነበር።

እዚህ ላይ አንባቢ እንዳይደነግጥ አንድ ነገር እንጨምር። ጥቂት የሆነ ነገር በ3 ቢባዛም ያው ጥቂት ነው። በሙቅ ገንዳ የገቡ ሴቶች እጅግ ብዙዎቹ ጤናማ ልጅ ወልደዋል። ሳታውቅ አንድ ቀን ገብታ የወጣች እኅታችንም ይህን አንብባ እንቅልፍ ልታጣ አይገባም፤ ለሐኪሟ መናገር ብቻ ይበቃታል። ነገር ግን በአገራችን መነሻው ራሱ ጥቂት አይደለም። በትግራይ ሆስፒታሎች የተደረገ ጥናት ከ10,000 ወሊዶች መካከል 130 በሚያህሉት ላይ ይህን ጉድለት አግኝቷል፤ ይህም ከብዙ አገሮች እጅግ የበለጠ ነው። ለዚህ ዋናው ምክንያት ፎሊክ አሲድ የተባለው ንጥረ ምግብ ማነሱ እንደ ሆነ ሊቃውንት ይናገራሉ። ቤቱ አስቀድሞ ሣር ክዳን የሆነበት ሰው ከእሳት ጋር ሲጫወት ቆርቆሮ ክዳን ካለው የበለጠ መጠንቀቅ አይገባውምን?

እንግዲህ ከሁሉ የሚያሳስበን የቀኑ ነገር ነው። አንዲት ሴት የወር አበባዋ ቀርቶ «ምናልባት» ብላ መጠራጠር በምትጀምርበት ጊዜ ከፅንሰቱ 2 ሳምንት ያህል አልፏል። አፍራ ወይም ጠርጥራ ጥቂት ስትጠብቅ፣ ለባሏ ስትነግር፣ ወደ ጤና ጣቢያ ስትሄድ ያ 28 ቀን ተፈጽሟል። ብዙዎቹ እናቶቻችን ደግሞ ወደ ክትትል የሚሄዱት ሆዳቸው ከገፋ በኋላ ነው። ስለዚህ ሐኪሙ «እመቤቴ፣ ሙቅ ገንዳ አይግቡ» ሲል ምክሩ መልካም ሆኖ ሳለ ለዋናው ጊዜ ዘግይቷል። ማስጠንቀቂያው መድረስ ያለበት ሴቲቱ ነፍሰ ጡር መሆኗ ከታወቀ በኋላ ሳይሆን፣ ልትሆን በምትችልበት ጊዜ ነው። «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉ አባቶቻችን ይህን ሳያውቁት አልቀሩም።

አንዳንድ ሰዎች «በፊንላንድ አገር ሴቶች ነፍሰ ጡር ሆነው ሳውና ይገባሉ፤ ልጆቻቸውም ጤነኞች ናቸው፤ ይህስ እንዴት ነው?» ይሉን ይሆናል። ነገሩ እውነት ነው፤ የምንሸሽገውም አይደለም። በዚያ አገር ይህ ጉድለት በብዛት አልታየም። ነገር ግን የፊንላንድ ሳውና አየሩ ደረቅ ስለ ሆነ ላብ ይተንበታል። ሴቶቹም ከልጅነታቸው የለመዱት በመሆኑ ጥቂት ደቂቃ ተቀምጠው ሲሞቃቸው ይወጣሉ፤ ነፋስ ይቀበላሉ። እኛ ግን ገንዘብ የከፈልንበት ነገር እስኪወጣልን ድረስ መቀመጥ እንወድዳለን፤ «ገና ነው፣ ታገሺ፣ ላቡ ይውጣልሽ» እንላለን። እንግዲህ የፊንላንድ ምሳሌ የሚያስተምረን ሙቀት አይጐዳም ብሎ አይደለም፤ መጠኑን ያወቀ አይጐዳም ብሎ ነው።

መጠኑም ይህ ነው። ነፍሰ ጡር የሆነች ወይም ልትሆን የምትችል ሴት፣ ከሁሉ ይልቅ በመጀመሪያዎቹ 3 ወራት፣ ከሙቅ ገንዳና ከእንፋሎት ቤት ብትርቅ ይሻላታል። በቤት ውስጥ ባኞ ወይም በሳፋ መታጠብ አልተከለከለም፤ ውሃው ከገላ ሙቀት ብዙ ያልበለጠ፣ ማለት 37 ዲግሪ ግድም ይሁን። የባኞ ውሃ እየቈየ ይበርዳል፤ የሆቴሉ ገንዳ ግን በመኪና እየሞቀ፣ ፍል ውሃውም ከምድር እየፈለቀ ሙቀቱ እንዳለ ስለሚጸና ሁለቱን አንድ አድርጎ መቍጠር አይገባም። ለወገብ ሕመም በለብታ ውሃ የተነከረ ጨርቅ ማሳረፍ ወይም እግርን ብቻ መዘፍዘፍ መላ ገላን ሳያግል ያሳርፋል። ውሃ ውስጥ ሳለች ራሷን ያዞራት፣ ልቧ የመታ ወይም ያቅለሸለሻት ሴት ቀስ ብላ ትውጣ፤ ሰው ደግፏት ነፋሻ ሥፍራ ትቀመጥ፤ ውሃም ትጠጣ። በመጨረሻዎቹ ወራት ሙቀት የደም ግፊትን ዝቅ ስለሚያደርግ በእርጥብ ወለል ላይ አዙሮ መጣል አለና ብቻዋን አትግባ። ደም የታያት ወይም የሽርት ውሃ የፈሰሳት እንደ ሆነ ግን ነገሩ የመታጠቢያ ቤት አይደለም፤ የጤና ተቋም ነው።

የዲማ አንባቢ «በእኛ አገር የምንቀዳው ውሃ እንኳ በስንት ድካም ነው፤ ሙቅ ገንዳ የት አለና ነው?» ቢል ትክክል ነው። ነገር ግን ሙቀት የሚገባው በገንዳ ብቻ አይደለም። ትኵሳትም ከውስጥ የሚነድድ እሳት ነው። ከደጋው ወደ ዓባይ በረሃ ለሥራ የሚወርድ ሰው ወባ ይዞ መመለሱ የታወቀ ነው። ነፍሰ ጡር ሴት ትኵሳቷ 39 ዲግሪ አልፎ ሲያንቀጠቅጣት «ብርድ ነው፤ በጋቢ ጠቅልሏት፤ እሳት አንድዱላት» ማለት በሙቀት ላይ ሙቀት መጨመር ነው። ወባ ለነፍሰ ጡር በራሱም እጅግ የከፋ ነውና በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ መውሰድ ይገባል። መድኃኒቱንም የጤና ባለሙያ ይስጣት እንጂ ከሱቅ ተገዝቶ በግምት አይዋጥ። በዚህ ረገድ ዲማና አዲስ አበባ አንድ ናቸው። አንዱ ለቅንጦት፣ ሌላው በመከራ ወደዚያው ሙቀት ይደርሳሉ።

ታዲያ ይህ ጉዳይ የማን ነው? በመጀመሪያ የባል ነው። እኛ ወጣት ባለሥራዎች ስለ ሴቶች እኵልነት በስብሰባ ላይ ብዙ እንናገራለን፤ ነገር ግን የባለቤታችን የወር አበባ መቼ እንደ ቀረ መጠየቅን እንደ ነውር እናየዋለን። ልጅ የሁለት ሰው ሆኖ ሳለ ጥንቃቄው የአንድ ሰው ሊሆን አይገባም። ልጅ ለመውለድ ያሰቡ ባልና ሚስት አስቀድመው ወደ ጤና ጣቢያ ሄደው ሴቲቱ በቀን 0.4 ሚሊግራም ፎሊክ አሲድ ቢያንስ ከአንድ ወር በፊት እንድትጀምር ቢያደርጉ፣ ስለ ሙቀቱም ምክር ቢቀበሉ፣ ለሠርጉ ካወጡት ገንዘብ እጅግ በጥቂቱ ትልቅ ሥራ ሠርተዋል።

ሁለተኛ የመታጠቢያ ቤቶችና የሆቴሎች ባለቤቶች ጉዳይ ነው። ከእነርሱ የምንለምነው ብዙ አይደለም፤ አንድ ቴርሞሜትርና አንድ ሰሌዳ ነው። ሰሌዳው በመግቢያው ላይ ተሰቅሎ በግልጥ አማርኛና በአካባቢው ቋንቋ እንዲህ ይበል፤ «ነፍሰ ጡር የሆናችሁ ወይም ልንሆን እንችላለን ብላችሁ የምታስቡ እመቤቶች ወደ ገንዳውና ወደ እንፋሎቱ ከመግባታችሁ በፊት ሐኪም አማክሩ። የዛሬው ውሃ ሙቀት ይህን ያህል ዲግሪ ነው።» ይህን በማድረግ ገበያው አይቀንስም፤ እንዲያውም ደንበኛው እምነት ይጨምራል። ፍል ውሃን ለፈውስ በሚፈልጉበት ሥፍራ ያሉ አስተናጋጆችና የሃይማኖት አባቶችም ይህንኑ ቃል ቢናገሩ ከማንም ይበልጥ ይደመጣሉ።

ሦስተኛ የትምህርት ቤቶች ጉዳይ ነው። ሙቀት ከሞቀው ወደ ቀዘቀዘው እንደሚሄድ በፊዚክስ፣ ፅንስ እንዴት እንደሚያድግ በባዮሎጂ ተምረናል፤ በፈተናም ጥሩ ማርክ አግኝተንበታል። ሁለቱን አገናኝቶ «ስለዚህ ነፍሰ ጡር በሙቅ ገንዳ ብዙ አትቈይ» ያለን ግን አልነበረም፤ እኛም ራሳችን አላገናኘነውም። ትምህርት በደብተር ቀርቶ ወደ ኑሮ ካልወረደ ዲግሪ የያዘው ሰው ገበቴ ከያዙት እናት በታች ይሆናል።

ወዳጃችን አዲስ አበባ እንደ ተመለሰ ባለቤቱን የወሰዳት ወደ ፍል ውሃ ሳይሆን ወደ ጤና ጣቢያ ነበር። የ2 ወር ነፍሰ ጡር ሆና ተገኘች። እንደዚህ ከሆነ ያ ዋናው 28 ቀን አልፎ ነበር ማለት ነው። ያን ቀን ያለፈችው በባሏ ጥንቃቄ ወይም በእኛ ምክር አይደለም፤ ፍል ውሃ የመሄዱ አሳብ ቀደም ብሎ ስላልመጣለት ብቻ ነው። የሕፃን ጤና እንዲህ ባለ አጋጣሚ ላይ እንዲንጠለጠል መተው ለተማረ ሰው አያኮራም።

ዜናው በስልክ ወደ ዲማ በደረሰ ጊዜ እናቱ «እኔ ብያለሁ» አላሉም። ከእልልታቸው በኋላ «ውሃውን ለብ አድርገህ ወገቧን እሽላት፤ በክርንህ ለካው» ብቻ አሉ።